የኦፕን ሶርስ ፕሮጀክታችን የመከባበር ደንብ ይኑረው? ካለውስ ማን ያስፈጽመው?

ጣና_ዳር · ባሕር ዳር

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የማነሳው ስለ ኮድ ሳይሆን ስለ አነጋገራችን ነው።

የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር የሚያሰላውን ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበትን ዝግጁ ኮድ) አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ኦፕን ሶርስ ስለሆነ ኮዱ ለማንም ክፍት ነው፤ የምንሠራውም በትርፍ ጊዜያችን ነው። ከባሕር ዳርና ከደብረ ማርቆስ የሆንን እንበዛለን፤ ከቡሬ፣ ከሞጣ፣ ከእንጅባራም የሚያግዙን አሉ። ማንም አይከፈለውም። ሰው የሚመጣው ስለፈለገ ነው፣ ሲከፋው ደግሞ ይሄዳል። እኛም ሰው እያስከፋን ነው።

ሰሞኑን የሆነውን ላላያችሁ ልንገራችሁ። የጳጉሜን ስሌታችን ለ4 እኩል የሚካፈለውን ዓመት እንደ ፈረንጆቹ ሊፕ ዓመት ይቆጥር ነበር። የእኛ እንደዚያ አይደለም። ዓመቱ ለ4 ሲካፈል 3 ከተረፈ ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች። ዘመነ ሉቃስ ማለት ነው፤ 2011 እና 2015 እንደዚያ ነበሩ። አንዲት ተማሪ ይህን አየች፣ አስተካከለች፣ ፑል ሪኩዌስት (ለውጧ ወደ ፕሮጀክቱ እንዲገባ የሚቀርብ ጥያቄ) ላከች። ማስተካከያዋ ልክ ነው። የጎደለው ቴስት (ኮዱ ልክ መሥራቱን የሚያረጋግጥ ሙከራ) ብቻ ነበር። ያገኘችው መልስ ግን «ይሄን ቆሻሻ ማን ላከው? መጀመሪያ ፕሮግራሚንግ ተምረሽ ነይ» የሚል ነው። የጻፈው ከነባሮቹ አንዱ ነው። ከዚያ ስክሪንሾቱ ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ወጣና ተሳቀባት። ልጅቷ ፑል ሪኩዌስቱን ዘግታ ወጣች። ስህተቱ አሁንም እዚያው አለ።

ይህ በጣም አናዶኛል። ያጣነው ሰውንም ሥራንም ነው።

እኔ የምለው፣ የተጻፈ ደንብ ያስፈልገናል። ብዙ ፕሮጀክቶች የሚጠቀሙበት ኮንትሪቢዩተር ኮቨናንት የሚባል አለ። ኮራላይን ኤዳ ኤምኬ እ.ኤ.አ. በ2014 ያዘጋጀችው ነው። ኡቡንቱ የሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወናም የራሱ ደንብ አለው፤ የኡቡንቱ አባል መሆን የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ደንቡን ይፈርማል። ስለዚህ ከባዶ አንጀምርም። ፋይል ገልብጦ ሪፖው (የፕሮጀክቱ ኮድ ማከማቻ) ውስጥ ማስቀመጥ ግን የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የተሰደበ ሰው ለማን ይናገራል? የተነገረውስ ሰው ምን የማድረግ ሥልጣን አለው?


ዓባይ_ማዶ · ባሕር ዳር

ወንድሜ፣ ሐሳብህን አከብራለሁ። በደንቡ ግን አልስማማም። እዚህ የተሰበሰብነው ኮድ ልንጽፍ ነው። ደንብ ሲወጣ ሰው ኮዱን ትቶ ቃላት ሲመዝን ይውላል። የቀን ስሌት ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። ደመወዝ የሚያሰላበት አለ፣ ቀጠሮ የሚይዝበት አለ። አንድ ቀን ከሳተ የሚጎዳው ተጠቃሚው ነው። ስለዚህ ጠንከር ያለ ግምገማ እፈልጋለሁ። የሊኑክስ ከርነል (የሥርዓተ ክወናው እምብርት) ስንት ዓመት በቁጣ ሲሠራ ኖሮ ይኸው ዓለም ሁሉ ይጠቀምበታል።

ልጅቷ የተባለችው ነውር ነው። እሱን አልደግፍም። ግን ሰውየውን ጠርቶ መንገር ይበቃል።


ከርነል_አንባቢ · ደብረ ማርቆስ

የሊኑክስን ነገር ካነሳህ አይቀር እስከ መጨረሻው እንየው።

ከርነሉ እ.ኤ.አ. በ2015 አንድ አጭር ጽሑፍ ነበረው። ኮድህ በጥብቅ ይተቻል፣ ተቀበለው የሚል ነው። በግል የተጎዳ ሰው አቤት የሚልበት ቦታም ጠቅሷል። ብዙ ለውጥ አላመጣም። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 2018 ላይ ግን የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ራሱ፣ የከርነሉን 4.19 ቅጂ አራተኛ ሙከራ ባወጣበት ኢሜይል፣ በሜይሊንግ ሊስቱ (የገንቢዎቹ የጋራ ኢሜይል መድረክ) ላይ ይሰነዝራቸው የነበሩት የግል ጥቃቶች ተገቢ እንዳልነበሩ ጽፎ ይቅርታ ጠየቀ። ሰው እንዴት እንደሚሰማው ለመረዳት እገዛ እፈልጋለሁ ብሎ ለጊዜው ከሥራው ገለል አለ። በዚያው ሰሞን የድሮው ጽሑፍ ወጥቶ በኮንትሪቢዩተር ኮቨናንት ላይ የተመሠረተ ደንብ ገባ።

ያኔም «ከርነሉ አለቀለት» ያሉ ብዙ ነበሩ። አላለቀለትም። ሌላው የከርነሉ ኃላፊ ግሬግ ክሮሃርትማን ሥራውን ይዞ 4.19ን በኦክቶበር አወጣው፤ ያ ቅጂ ለረጅም ዓመታት ድጋፍ ከሚሰጣቸው አንዱ ሆነ። ሊነስም በዚያው ወር ተመለሰ። የኮድ ጥራት ዝቅ ይበል ያለ ማንም የለም። ዛሬም መጥፎ ኮድ ከርነሉ ውስጥ አይገባም።

ስለዚህ ከርነሉ በቁጣ ነው ያደገው የሚለውን አልቀበልም። ያደገው በጥብቅ ግምገማ ነው። ቁጣው ስንት ሰው እንዳባረረ ማንም አልቆጠረውም፤ የሄደ ሰው ስሙ ኮሚት (የኮድ ለውጥ መዝገብ) ውስጥ የለማ።


የፈረስ_ቤት_ልጅ · እንጅባራ

እኔ ሌላ ነገር ልጨምር። እኛ ቤት የሚወራው አዊኛ ነው። አማርኛ የተማርኩት ትምህርት ቤት ነው፤ እንግሊዝኛውማ ከዚያም በኋላ የመጣ ነው። ኢሹ (ስለ ስህተት ወይም ሐሳብ የሚከፈት ማስታወሻ) ስጽፍ በእንግሊዝኛ እጽፋለሁ፣ ሰዋስዉ ይጣመማል። የሚመጣልኝ መልስ ስለ ኢሹው ሳይሆን ስለ እንግሊዝኛዬ ነው። በአማርኛ ስጽፍ ደግሞ ሀ እና ሐ፣ ሰ እና ሠ አምታታህ ተብሎ ይሳቅብኛል። ያመለከትኩት ባግ (የኮድ ስህተት) ግን እውነተኛ ነበር።

ደንቡ ሲጻፍ ይህ በግልጽ ይግባ። ያልገባን ነገር ካለ «እንዲህ ለማለት ፈልገህ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ፊደል ማረም ካስፈለገ ደግሞ ዶክመንቴሽኑ ላይ ይታረም፤ እዚያ ቦታው ነው። ሰው ባግ ሊነግርህ ሲመጣ የፊደል ፈተና አትስጠው።


የቅኔ_ቤት_ልጅ · ደብረ ኤልያስ

ልጆች፣ ክርክራችሁን በደስታ እያነበብኩ ነው። አሁን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ፣ በልጅነቴ ግን እዚሁ ጎጃም ቅኔ ቤት ነበርኩ። ከኮድ ግምገማችሁ ጋር የሚሄድ ነገር ስላየሁ ልንገራችሁ።

ተማሪው ቀን ዛፍ ሥር ብቻውን ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል። ሲጨርስ ለመምህሩ ወይም ለአስነጋሪው ይነግራል። ጀማሪ የሚነሳው ከጉባኤ ቃና ነው፣ ሁለት ቤት ብቻ። ከተሳሳተ እዚያው ይታረማል። ቤቱ አልመታም፣ ሰሙ ከወርቁ አልገጠመም፣ ይህ ግስ እዚህ አይገባም ይባላል። የጎደለው ነገር በስሙ ይጠራል። እርማቱ ይከብዳል፤ ቅኔው ተመልሶበት ዕንባ የመጣበት ተማሪ አይቻለሁ። ነገር ግን ምን አድርጎ እንደሚመለስ ሳይነገረው የሚሰናበት የለም።

የዚያች ልጅ መልስ ውስጥ የጠፋው ይህ ነው። «ቆሻሻ» የሚለው ቃል ምን እንደጎደለ አይናገርም። ነገ ምን ይዛ ትምጣ? እንዲህ ያለ መልስ ስድብ ከመሆኑ በፊት እንደ ትምህርትም አይረባም።


ፈትል · ባሕር ዳር

መምህር፣ ያሉት እውነት ነው። አንድ ልዩነት ግን ልብ ይበሉልኝ። ቅኔ ቤት ተማሪውና መምህሩ ፊት ለፊት ናቸው። መምህሩ የተማሪውን ፊት ያያል፣ ሲከፋው ያውቃል፣ ማታ ደግሞ አንድ ግቢ ያድራሉ። እዚህ የተጻፈ ነገር ይቀራል። ልጅቷ ከዓመታት በኋላ ሥራ ስትፈልግ ቀጣሪው ጊትሀብ (ኮዱን የምናስቀምጥበት ድረ ገጽ) ላይ ያለ ገጿን ሲከፍት የሚያገኘው ያንን ስድብ ነው።

ሌላም አለ። ሴቶች የሚደርስብን በአደባባይ የሚታየው ብቻ አይደለም። ፑል ሪኩዌስት በላክሁ ማግስት ቴሌግራም ኢንቦክሴ ይሞላል። «ኮዱን ራስሽ ነሽ የጻፍሽው?»፣ «ፎቶሽን ላኪ»፣ «ቡና ልጋብዝሽና ሪቪው ላድርግልሽ»። ይህን ሰው ፊት አያደርጉትም። ኮንትሪቢዩተር ኮቨናንት ያልተፈለገ ወሲባዊ ትኩረትን፣ በግልም ይሁን በአደባባይ ማስቸገርን፣ የሰውን አድራሻ ያለ ፈቃዱ ማውጣትን ለይቶ ይከለክላል። የእኛም ደንብ ጊትሀብ ላይ ብቻ እንዳይቀር። ቴሌግራም ግሩፑንም፣ በፕሮጀክቱ ምክንያት የሚላክ የግል መልእክትንም ይጨምር። አለበለዚያ ደንቡ ለእኔ ምንም አይሠራልኝም።


ዓባይ_ማዶ · ባሕር ዳር

እህቴ፣ ይህን አላውቅም ነበር። እንዲህ ያለው ነገር በምንም መንገድ መቆም አለበት፤ እዚህ ላይ ከእናንተ ጋር ነኝ።

የሚቀረኝ ጥያቄ ግን አለ። መጥፎ ኮድ ሲመጣ መጥፎ ነው ማለት ልንከለከል ነው? ሁለት ሰዓት ሪቪው አድርጌ «በጣም ጥሩ ሙከራ ነው» እያልኩ ማቆለጳጰስ አልችልም። ጊዜም የለኝም።


ጣና_ዳር · ባሕር ዳር

አትከለከልም። ማንም ማቆለጳጰስ አይጠይቅህም።

ለልጅቷ ሊጻፍ ይገባ የነበረው ይህ ነው፦ «ለ2011 እና ለ2015 ልክ ይመልሳል። ለ2012 ጳጉሜን 5 መሆኗን የሚያረጋግጥ ቴስት የለም። ቴስት ጨምሪበት፣ ከዚያ አስገባዋለሁ።» ሦስት አጭር ዓረፍተ ነገር። ሙገሳ የለበትም። ከስድቡ ይልቅ ጠንካራ ነው፣ ምክንያቱም መልስ ይፈልጋል። ስድብ ሲመጣ ሰው ተቀይሞ ይሄዳል እንጂ ቴስት አይጽፍም።

የማይረባ ኮድም ይመጣል። ያኔም «ይህን አንቀበልም፣ ምክንያቱም ሙሉውን አሠራር ይቀይራል፤ መጀመሪያ ኢሹ ክፈትና እንነጋገርበት» ብሎ መዝጋት ይቻላል። እምቢ ማለት የሜንቴነር (ኮዱን ተቀብሎ የሚያስገባው ኃላፊ) ሥራ ነው። ደንቡ ይህን መብት አይነካም፣ ጽሑፉም ውስጥ በግልጽ እናስገባዋለን።


ከፍኖተ_ሰላም

እኔ ስለ አፈጻጸሙ ልናገር። በአገራችን ሁለት ሰው ሲጣላ ሽማግሌ ይቀመጣል። ለምን እኛም ሦስት ሽማግሌ አንመርጥም? የተበደለው ይናገራል፣ የበደለው ይሰማል፣ ይቅር ይባባላሉ፣ ያበቃል። ባን (ማገድ) ምናምን የፈረንጅ ነገር ነው። እኛ ትንሽ ስለሆንን አንድ ሰው ማጣት አንችልም። ሁሉም ይተዋወቃል።


ፈትል · ባሕር ዳር

ሽምግልናን እወዳለሁ፤ በሽምግልና የታረቀ ቤተሰብ አለኝ። ለዚህ ጉዳይ ግን ብቻውን አይበቃም። ልንገርህ ለምን።

ሽማግሌ የሚቸኩለው ለእርቅ ነው። ሥራው እርቅ ነውና አይፈረድበትም። እርቁን የሚሸከመው ግን ብዙ ጊዜ የተበደለው ነው። «ታላቅሽ ነው»፣ «ብዙ ሠርቷል»፣ «ልጅ ነሽ፣ እርሺው»። ልጅቷ ይቅር ካላለች እሷ ክፉ ትባላለች። እሱ ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላዋ ላይ ይጽፋል። ሁሉም ይተዋወቃል ያልከው ነገር ራሱ ያስፈራኛል። ሽማግሌ የምትመርጠው ከእነማን ነው? ከነባሮቹ። የሰደባትስ ማን ነው? ከነባሮቹ አንዱ።

እርቅ ይኑር፤ ግን የተበደለችው ከፈለገች ብቻ። እሷ ፈቀደችም አልፈቀደችም ባሕርዩ መቆም አለበት። እነዚህ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው።


ከርነል_አንባቢ · ደብረ ማርቆስ

ፈትል ያለችውን የሚያጠናክር ነገር አለ። ረስት የሚባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ታውቃላችሁ። ደንብም አለው፣ ደንቡን የሚከታተል ቡድንም ነበረው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2021 ላይ ያ ቡድን በአንድ ጊዜ ሥራውን ለቀቀ። ምክንያታቸውን በአጭሩ ጻፉት፦ ዋናው የፕሮጀክቱ ቡድን ከራሱ በቀር ለማንም ተጠያቂ ስላልሆነ ደንቡን እዚያ ላይ ማስፈጸም አልቻልንም ነው ያሉት። በጽሑፉ በኩል ችግር አልነበረም። የጎደለው፣ ደንቡ ላይኛዎቹን መንካት አለመቻሉ ነው።

ባን የሚለው ቃል ካስፈራ ደግሞ፣ ኮቨናንቱ ሁለተኛው ዕትም ላይ በአራት ደረጃ ነው የሚሄደው። መጀመሪያ በግል የሚጻፍ እርማት ነው፣ ምን እንዳጠፋ ይነገረዋል። ቀጥሎ ማስጠንቀቂያ። ቀጥሎ ለተወሰነ ጊዜ ማገድ። ለዘለቄታው ማገድ የመጨረሻው ነው፤ ያውም በተደጋጋሚ ላጠፋ ወይም ሰው ላይ ለዘመተ። አብዛኛው ጉዳይ የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ያልቃል። ዓባይ ማዶ ያልከው «ጠርቶ መንገር» እዚያው ውስጥ አለ።


የሞጣ_መንገደኛ · ሞጣ

ትንሽ ነገር፣ ለእኛ ግን ትልቅ ናት። በ2015 መጨረሻ ክልላችን ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ የጀመርኩት ፑል ሪኩዌስት እንደተንጠለጠለ ቀረ። ኔትወርክ ሲመለስ ከፍቼ ሳይ ሥሩ «ጀምሮ የሚጠፋ ሰው አያስፈልገንም» ተብሎ ተጽፏል። ለወራት ያስተከዘኝ ኔትወርኩ ነበር፤ ከዚያ በላይ ያሳዘነኝ ግን ይህ ነው።

ሰው ዝም ሲል ሰነፍ ነው ብላችሁ አትነሡ። ፑል ሪኩዌስቱን መዝጋት ካለባችሁ ዝጉት፣ «ስትመለስ ክፈተው» ብላችሁ ጻፉበት። ይህም ደንቡ ውስጥ ይግባልኝ። ሌላ አገር የተጻፈ ደንብ ይህን አያስብልንም።


የቅኔ_ቤት_ልጅ · ደብረ ኤልያስ

ልጄ፣ ይህ በጣም ልክ ነው። ይግባ።

አንድ ነገር ልጠይቅ። ከአባቶች ሥርዓት፣ ከገዳም ደንብ ወስደን ብንጽፈውስ? ሰው በሚያውቀው ቋንቋ ይሆንለታል።


ከርነል_አንባቢ · ደብረ ማርቆስ

መምህር፣ የሞከረው አለ። ኤስኪውላይት የሚባለው ዳታቤዝ እ.ኤ.አ. በ2018 የቅዱስ ቤኔዲክቶስን የመነኮሳት ሥርዓት እንደ ሥነ ምግባር ደንብ አድርጎ አውጥቶ ነበር። ብዙ ክርክር ተነሳ። በኋላ ያንን የፈጣሪዎቹ የራሳቸው የሥነ ምግባር መርሕ ብለው አስቀመጡት፣ ለማኅበረሰቡ ደንብ ደግሞ የሞዚላን መመሪያ ወሰዱ። ቃሉ መልካም ቢሆንም፣ ተሳዳቢ ሲመጣ ለማን ይነገራል ለሚለው ጥያቄ የገዳም ሥርዓት መልስ የለውም። ደግሞ ከእኛም መካከል እምነቱ የተለያየ አለ። ሙስሊም ወንድሞቻችንም በነፃነት የሚፈርሙት ደንብ ይሁን።


የቅኔ_ቤት_ልጅ · ደብረ ኤልያስ

ተቀብያለሁ።


ጣና_ዳር · ባሕር ዳር

የሁላችሁንም አንብቤ ረቂቅ ጽፌያለሁ። መነሻው ኮንትሪቢዩተር ኮቨናንት ነው፣ በላዩ ላይ የእናንተ ገብቷል። ዋና ዋናውን ልንገራችሁ።

ኮድ ያለ ገደብ ይተቻል። ሰው ግን አይሰደብም፣ አይሳቅበትም፣ በአማርኛው ወይም በእንግሊዝኛው አይመዘንም። እምቢ የሚል ሜንቴነር ምክንያቱን ይጽፋል። የጠፋ ሰው አይወቀስም። ደንቡ ጊትሀብን፣ ቴሌግራም ግሩፑንና በፕሮጀክቱ ምክንያት የሚላክ የግል መልእክትን ይመለከታል። የግሩፑን ስክሪንሾት ለመሳለቂያ ማውጣት አይቻልም።

አቤቱታ የሚቀበሉት ሦስት ሰዎች ይሁኑ። ቢያንስ አንዷ ሴት ትሁን። ቢያንስ አንዱ ከሜንቴነሮቹ ውጭ ይሁን፤ መምህር፣ እርስዎን አስቤ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከተከሰሰ በዚያ ጉዳይ አይገባም። ስለ እኔ አቤቱታ ቢመጣም እኔ አላየውም። የአቤት ባዩ ስም ከሦስቱ አይወጣም። አቤቱታ በአማርኛ ይጻፋል፣ መጻፍ ለከበደው ሰው በስልክ ይቀበላሉ። እርቅ የሚሞከረው የተበደለው ሰው ከጠየቀ ብቻ ነው።

ክርክር ሲጋል ደግሞ ወዲያው የሚሠራ ነገር ጊትሀብ ላይ አለ። ኢሹውን ለጊዜው መቆለፍ ይቻላል፤ ከተዘረዘሩት ምክንያቶች አንዱም ክርክሩ መጋሉ ነው። ከውጭ ዘመቻ ቢመጣ ከ24 ሰዓት እስከ 6 ወር ድረስ አስተያየት የሚሰጡትን ሰዎች መገደብ ይቻላል። ይህን ለማድረግ ሦስቱ ሰዎች ፈቃዱ ይሰጣቸው። ፈቃድ የሌለው ዳኛ ምንም አያደርግም።

ለልጅቷ በግሌ ጽፌላታለሁ። ተመለሽ ብዬ አልጫንኳትም። ፑል ሪኩዌስቷ ልክ እንደነበረ፣ የተባለችው ተገቢ እንዳልነበረ፣ ስድቡንም ከገጹ እንደደበቅነው ነው የነገርኳት። ኮዷን ብናስገባው በስሟ እንዲሆን ፈቃዷን ጠይቄያለሁ።


የቅኔ_ቤት_ልጅ · ደብረ ኤልያስ

እሺ፣ እኔ አለሁ። ኮድ አላውቅም፣ ስድብ ግን አውቃለሁ።


ፈትል · ባሕር ዳር

እኔም እገባለሁ። ግን ለአንድ ዓመት ብቻ፤ ከዚያ ሌላ ሰው ይተካኝ። ይህ ሥራ ያደክማል፣ ሁልጊዜ በሴቶቹ ላይ እንዳይወድቅ።


ዓባይ_ማዶ · ባሕር ዳር

ረቂቁን ሁለቴ አነበብኩት። «ኮድ ያለ ገደብ ይተቻል» የሚለው በመጀመሪያው መስመር መኖሩ ልቤን አሳርፎታል። ቀደም ሲል የፈራሁት ይህ እንዳይጠፋ ነበር።

አሁንም አንድ ነገር ይጎድለዋል። የታገደ ሰው አቤት የሚልበት የለውም። ሦስቱ ቢሳሳቱስ? ሰው ናቸው። የታገደው ሰው ጉዳዩን አንድ ጊዜ እንደገና እንዲያዩለት የመጠየቅ መብት ይኑረው፣ ያኔም መጀመሪያ ያልፈረደ ሌላ ሰው አብሮ ይቀመጥ። ለዘለቄታው ማገድ ደግሞ ሦስቱም ካልተስማሙ አይሁን። ይህ ካልገባ ድምፄን አልሰጥም።


ፈትል · ባሕር ዳር

ይግባኙን እደግፋለሁ። የአቤት ባይዋ ስም ግን በይግባኙም ጊዜ ለታገደው ሰው አይገለጽ።


ጣና_ዳር · ባሕር ዳር

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ዓባይ ማዶ፣ የይግባኙን አንቀጽ አንተ ጻፈውና ፑል ሪኩዌስት ላክ። ሪቪው የምታደርገው ፈትል ናት። የአቤቱታ ኢሜይሉን ዛሬ ማታ እከፍታለሁ፣ የይለፍ ቃሉ ከሦስቱ ሰዎች ውጭ ለማንም አይሰጥም። ሦስተኛ ሰው ገና ይጎድለናል፤ ከእንጅባራ ወይም ከሞጣ ቢሆን ደስ ይለኛል፣ ባሕር ዳር በዝተናል።


የፈረስ_ቤት_ልጅ · እንጅባራ

እኔን ጻፉኝ። በአዊኛ የሚነግረኝ ሰው ቢመጣም እሰማዋለሁ።